የበዓልን ቀን የሚቈርጠው ማን ነው? በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የተደረገ አጭር ጥናት

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን እሑድ ዋለ። በዚሁ ዕለት ፋሲካ ነበረ፤ የአርበኞች የድል በዓልም እንደ ወትሮው በዚሁ ቀን ነበረ። እንግዲህ በአንድ ቀን ላይ ሦስት የዕረፍት ምክንያቶች ተደራረቡ ማለት ነው፤ የሳምንቱ ዕረፍት፣ የሃይማኖቱ በዓልና የአገሩ የድል መታሰቢያ። በዚያን ቀን በአዳማ ከተማ በአንድ ፋብሪካ ተረኛ ሆኖ የሠራ ጐልማሳ ያገኘው ክፍያ ግን የአንድ በዓል ብቻ ነበረ። ይህንኑ ቅር ብሎት ባጫወተን ጊዜ እኛም ተበድሏል ብለን አዘንን። በኋላ ሕጉን ገልጠን ስናነብ ፋብሪካው ያደረገው ሕጉ ያዘዘውን ሆኖ አገኘነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበዓል ቀን ለሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈለው ይላል፤ ነገር ግን አንድ በዓል ከሌላ በዓል ወይም ከሳምንቱ የዕረፍት ቀን ጋር ቢገጥም የሚከፈለው የአንዱ ብቻ ነው ብሎ ጨምሯል። ሰውየው የተከራከረው ከአሠሪው ጋር ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በዓላቱን በቀይ ቀለም ለይቶ ያሳየናል፤ ቀዩን ቀለም ማን እንደ ቀባው ግን አንጠይቅም። ቀኑን አንድ ሰው ወይም አንድ ጉባኤ ወይም አንድ ሒሳብ ቈርጦታል፤ የቈራጩም ማንነት ለሠራተኛው፣ ለነጋዴውና ለገበሬው ኑሮ ልዩነት ያመጣል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ይህንኑ ነው። ከመካከላችን የሚበዙት የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመቂና የባቱ ልጆች ስለ ሆንን ምሳሌዎቻችንን ከዚያው ከስምጥ ሸለቆው መንገድ እንወስዳለን። ናዝሬት ማለት ለለመዱ አንባቢዎቻችን፣ አዳማ ያልነው እርሷኑ ነው፤ ባቱም ዝዋይ ናት።

አስቀድመን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛችን በዓል የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ነው፤ በእነዚህ ቀኖች ሞፈር የማያነሣ ክርስቲያን ገበሬ ብዙ ነው። የሕዝብ በዓል የሚባለው ግን ሕግ በስም ጠርቶ ሥራ ይዘጋ ያለው ቀን ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው ለቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ሲያልፍ መናኸሪያው ከብዙዎቹ የሕዝብ በዓላት ይልቅ ይጨናነቃል። ጥቅምት 5ና መጋቢት 5 ቀን ደግሞ ወደ ዝቋላ አቦ የሚወስደው መንገድ በሰው ይሞላል። ሕጉ ግን እነዚህን ቀኖች በስማቸው አይጠራቸውም፤ በቁልቢ ሰሞን ወደ ሥራው ያልመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ቀርቷል ተብሎ ይጻፍበታል።

ሕጉ በስም የሚጠራቸው ቀኖች ከመንግሥት ጋር አብረው ሲለዋወጡ ኖረዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሐምሌ 16 ቀን የንጉሠ ነገሥቱ ልደት፣ ጥቅምት 23 ቀን የዘውድ በዓል ይከበር ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ዕለት ነው፤ ይኸውም ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘበት በዚያው ቀን፣ ልክ በ5ኛው ዓመት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው መገጣጠም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል።

በዚያ ዘመን የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል ተብለው ሥራ አይዘጋባቸውም ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበረ። በዓመቱ የወጣው የሕዝብ በዓላትና የዕረፍት ቀን አዋጅ ቁጥር 28/1967 ኢድ አል ፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ከክርስቲያኑ በዓላት ጐን አሰለፋቸው። በአዳማ፣ በመቂ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ጐን ለጐን ሱቅ ይከፍታልና የዚህ ውሳኔ ትርጉም በነዚህ ከተሞች ዘንድ ጐልቶ የሚታይ ነው። ከ1967 በፊት ሙስሊሙ ነጋዴ በገና ቀን ሲዘጋ፣ በኢድ ቀን ግን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው ወንድሙ ወይ ፈቃድ መጠየቅ ወይ ከበዓሉ መቅረት ነበረበት።

ደርግ የዘውዱን በዓላት ሰርዞ መስከረም 2ን የአብዮት በዓል አደረገ። የድሉንም በዓል ከሚያዝያ 27 አንሥቶ ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከኢጣልያ ጦር እጅ የወጣችበት ቀን ነውና። አንድ ድል ሁለት ቀን ነበረው ማለት ነው፤ አንዱ የከተማይቱ ነጻ መውጣት፣ አንዱ የንጉሡ መግባት። የትኛው ይከበር የሚለው ጥያቄ ቀንን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ ደርግ የወደቀበት ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በተራው በዓል ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ የበዓላት አዋጅ ግንቦት 20ን ከዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም። አድዋ ግን የካቲት 23 ላይ እንደ ተተከለ በሁሉም ዘመን ሳይነካ ቆይቷል። (ከፈረንጁ አቆጣጠር ጋር ለማስተያየት የሚሻ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ጦርነቱ የተደረገው እንደ እነርሱ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። እነርሱ በ1900 ዓመት ፌብሩዋሪን 29 ማድረጉን ስለ ተዉት ነው እንጂ የእኛ ቀን ከቦታው አልተነቃነቀም።)

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ቀኖች ሰው መርጦ የወሰናቸው ናቸው። ፋሲካንና ኢድን ግን ምክር ቤት ቀን ሊቈርጥላቸው አይችልም። ስማቸውን ብቻ ይጽፍና ቀኑን ለሌሎች ይተዋል።

የፋሲካን ቀን የሚቈርጠው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብ የሚሉት ሒሳብ ነው። ብዙዎቻችን ሒሳቡን ከባድ አድርገን እንፈራዋለን፤ ነገር ግን ማካፈልና መደመር ለሚያውቅ ሰው የሚያስቸግር አይደለም። ለምሳሌ ያህል የ2019 ዓ.ም.ን ፋሲካ እናውጣ። በ2019 ላይ 5500 ቢጨመር ዓመተ ዓለሙ 7519 ይሆናል። ይህ ለ19 ቢካፈል 14 ይተርፋል፤ ከ14 አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 13 ነው። 13 በ19 ቢባዛ 247 ይሆናል፤ ይህን በ30 ብንገድፈው የሚተርፈው 7 መጥቅዕ ይባላል። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይቈጠራል፤ እንግዲህ ጥቅምት 7 ቀን 2019 ምን ቀን እንደሚውል ብንመለከት ቅዳሜ ነው። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ የሚባል ቁጥር አለው፤ የቅዳሜ 8 ነው። 7ና 8 ሲደመር 15፤ ይህ መባጃ ሐመር ነው። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ሰኞ ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ብንቈጥር ሚያዝያ 24 እሑድ ፋሲካ ይሆናል። ስቅለት ሚያዝያ 22 ዓርብ ነው ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም።

ቋሚ ነው የምንለው የገና በዓል እንኳ በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ይንቀሳቀሳል። ምክንያቱም ከመጋቢት 29 የፅንሰት ቀን እስከ ልደት ያለው 9 ወር ከ5 ቀን እንዳይዛባ ስለሚፈለግ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን፣ ማለትም የሉቃስ ዘመን አልቆ የዮሐንስ ዘመን ሲገባ፣ አንዷ ቀን ከመካከል ስለምትጨመር ገና በታኅሣሥ 29 መዋሉ ቀርቶ በ28 ይውላል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው፤ በ2020 ዓ.ም.ም ይኸው ነው። ይህን ያልተረዳ አንድ ጓደኛችን በ2016 ከቤተሰቡ ጋር ሲከራከር መዋሉን እርሱው ራሱ ነግሮናል።

የእስልምና በዓላት የሚቈረጡት በጨረቃ ነው። የጨረቃው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለ ሆነ በዓላቱ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማሉ፤ በ33 ዓመት ውስጥ ወቅቶቹን ሁሉ ዞረው ይመለሳሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የሦስቱ በዓላት ማስጠንቀቂያ እኩል አለመሆኑን ነው። አረፋ የዙልሒጃ ወር ከገባ በ10ኛው ቀን፣ መውሊድም የረቢዕ አል አወል ወር ከገባ በ12ኛው ቀን ስለ ሆነ፣ ጨረቃዋ ከታየች በኋላ ለመዘጋጀት ከሳምንት የሚበልጥ ጊዜ አለ። ኢድ አል ፈጥር ግን የሸዋል ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። የረመዳን 29ኛ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ ከታየች ነገ በዓል ነው፤ ካልታየች ጾሙ 30 ይሞላል። ይህን የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት እስኪያስታውቅ ድረስ የአዳማ ሱቅ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካ፣ የባቱ የአበባ እርሻ ነገ ይሠራ ወይም ይዘጋ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ የተራ ጽሕፈት የሚይዝ ሰው እንደ ነገረን፣ በዚያች ሌሊት ሁለት ዝርዝር ጽፎ ያሳድራል፤ አንዱ ለኢድ፣ አንዱ ለሥራ።

አሁን ወደ እርሻው እንሂድ፤ ምክንያቱም የበዓል ቀን ከሁሉ ይልቅ በገንዘብ የሚመነዘረው በመቂና በባቱ ዙሪያ ነው። የፋሲካ ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ለአዲስ አበባና ለአዳማ ገበያ ከሚቀርበው ሽንኩርት ብዙው የሚመጣው በመስኖ ከሚለማው ከዚህ አካባቢ ነው። ሽንኩርት ከችግኝ መደብ ጀምሮ እስኪነቀል ድረስ አራት አምስት ወር ይፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው የፋሲካን ቀን በኅዳር ማወቅ አለበት። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነበረ፤ የ2019ኙ ከላይ እንዳሰላነው ሚያዝያ 24 ነው፤ የ20 ቀን ልዩነት አለ። ባለፈው ዓመት የተከለበትን ቀን ደግሞ የሚተክል ሰው ዋጋው ሳይወደድ ሽንኩርቱ ይደርስበታል። በመቂ ያነጋገርናቸው አንድ ሽማግሌ፣ እኛ ኦቦ እያልን እየጠየቅናቸው፣ እርሳቸው እየሳቁ እንዳስረዱን፣ ራሳቸው ሙስሊም ሲሆኑ የክርስቲያኑን ጾም መግቢያ ከጐረቤታቸው ከቄሱ በየዓመቱ በመስከረም ይጠይቃሉ። ይህ ከሰማነው ሁሉ ደስ ያሰኘን ነገር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የውኃ ፓምፕ ያስነሣል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን ማንም አልነበረም።

የባቱ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ የሚጠብቁት በዓሉን ሳይሆን ጾሙን ነው። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የደምበል ሐይቅ ቆሮሶ ይፈለጋል። ከፋሲካ በማግሥቱ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ጀልባዎቹም ከውኃው ዳር ተደርድረው ይታያሉ።

በዚያው በባቱ የአበባ እርሻዎቹን የሚያዝዘው ከእኛ ዝርዝር ውስጥ የሌለ በዓል ነው። አውሮፓውያን በፌብሩዋሪ 14 የሚያከብሩት የፍቅረኞች ቀን በእኛ የካቲት 7 ወይም 6 ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ጽጌረዳው ያለ ዕረፍት ይቈረጣል፣ ይታሰራል፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርሳል፣ ከዚያም ወደ ሆላንድ ይበራል። ለዚያ ቀን ያልደረሰ ጽጌረዳ በማግሥቱ ዋጋ የለውም። እንዲህ ሲሆን የባቱ ሠራተኛ ልጅ በዓመቱ ውስጥ እጅግ የምትደክመው በማታከብረው በዓል ሰሞን ነው። የአበባ አብቃዩን አንወቅስም፤ ሽንኩርት ተካዩም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ሆኖም ስለ በዓላት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ስለ ዕረፍት ብቻ ሲጽፍ ስለምናይ የሌላው ሰው ዕረፍት የማን ድካም እንደ ሆነ ለማመልከት ፈልገናል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ክልሉ በዓላት እንመጣለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የትኞቹ ቀኖች በዓል እንደ ሆኑ አይዘረዝርም። በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ሆኖም ከሕዝብ በዓላቱ የሚበዙት የሃይማኖት ናቸው። ይህ ለአንዳንዶች እንደ ተቃርኖ ይታያቸዋል፤ እኛ ግን መንግሥት ሃይማኖቱን አዘዘ ሳይሆን ሕዝቡ በዚያን ቀን ሥራ እንደማይገባ ዐውቆ ፈቀደ ብለን እንተረጕመዋለን። ሥልጣንን በሚያከፋፍሉት አንቀጾች ዘንድ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ሕግ የሚያወጣው በአንቀጽ 55 መሠረት የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። ክልሎች ደግሞ በአንቀጽ 52 መሠረት የራሳቸውን የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ በሕግ ይወስናሉ። ከዚህ የሚወጣውን ነገር እንደ እኛ አነባበብ እንናገር፤ ክልል አንድን ቀን በዓል ነው ቢል የራሱን ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ለመዝጋት ይችላል። የግሉን ፋብሪካ ሠራተኛ ክፍያ እጥፍ ለማድረግ ግን ያስቸግረዋል፤ ያ የፌዴራሉ ሕግ ነውና።

ከስምጥ ሸለቆው በዓላት ሁሉ ትልቁ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻ ነው። የክረምቱ ጨለማ አልፎ ብራ ሲገባ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ይህ ኢሬቻ መልካ ይባላል። በበልግ መግቢያ ደግሞ በተራራ ላይ የሚደረግ ኢሬቻ ቱሉ አለ። በሆራ አርሰዲ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዛት የትኛውንም የሕዝብ በዓል የሚያስንቅ ሆኖ ሳለ በ1967ቱ አዋጅ ዝርዝር ውስጥ ስሙ አልነበረም።

ቀኑን የሚቈርጡት አባ ገዳዎች ናቸው። በከተማ ሰው ዘንድ ኢሬቻ ከመስቀል ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው ሲባል እንሰማለን፤ እኛም ይህን ይዘን ጀምረን ነበር። በ2009 ዓ.ም. መስቀል ማክሰኞ ነበረ፤ ኢሬቻም በቀጥታ በተከተለው እሑድ፣ መስከረም 22 ተከበረ። በ2012 ዓ.ም. ግን መስቀል ቅዳሜ ሲውል ኢሬቻ በማግሥቱ አልተደረገም፤ ሳምንት ቈይቶ ከረዥም ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔ መስከረም 24 ቅዳሜ፣ በሆራ አርሰዲ ደግሞ በማግሥቱ ተከበረ። በ2017 ዓ.ም. መስቀል ዓርብ ነበረ፤ የሆራ አርሰዲው ኢሬቻ መስከረም 26 ሆነ። እንግዲህ የመስቀልን ቀን ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው በሁለቱ ዓመታት አንድ ሳምንት ቀድሞ ሐይቁ ዳር ብቻውን ይቆም ነበር። ቀኑ የሚታወቀው አባ ገዳዎቹ ሲያውጁት ነው፤ ሠንጠረዥ አይተካቸውም።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በዚያን ዕለት በሆራ አርሰዲ ተቃውሞ ተነሥቶ አስለቃሽ ጢስ ከተተኰሰ በኋላ በተፈጠረው መረጋገጥ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት ገለጸ፤ ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል አሉ። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ቤተሰብ ይህ ቀን የምስጋናም የሐዘንም ነው። በቢሾፍቱ እርጥብ ሣር የሚሸጡ አንዲት እናት፣ አዴ ብለን ስለ ገበያቸው ስንጠይቃቸው፣ ልጆቼ እኔ በዚያን ቀን ከሸጥሁ በኋላ የራሴን ሣር ይዤ እወርዳለሁ ብለው ሌላ ነገር አልጨመሩልንም።

በሌላው ዓለም ይህን የክልልና የማዕከል ነገር እንዴት እንዳቃኑት ለማየት ጀርመንን ብንመለከት ይጠቅማል። በዚያ አገር ከበዓላት የሚበዙትን የሚወስኑት ክፍላተ ሀገሩ ናቸው፤ በማዕከል ስምምነት የተወሰነው ጥቅምት ወር በእነርሱ ሲገባ በ3ኛው ቀን የሚውለው የውሕደት ቀን ነው፤ እርሱም በ1990 እንደ እነርሱ አቆጣጠር የተደነገገ ነው። ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። አንድ ክፍለ ሀገር አንድን ቀን በዓል ብሎ በሕግ ከጠራ፣ የማዕከሉ የደመወዝ ሕግ በዚያ ክፍለ ሀገር ያለ አሠሪ ሁሉ ሠራተኛው በበዓሉ ያልሠራበትን እንዲከፍል ያስገድዳል። ቀኑን አንዱ ይቈርጣል፣ ክፍያውን ሌላው ያስከብራል። በእኛ ዘንድ ይህን የመሰለ ማያያዣ ቢኖር ኢሬቻም ሆነ የሌላው ክልል በዓል ከቢሮ በር አልፎ እስከ ፋብሪካው በር ይደርስ ነበር። መምህሮቻችን በዚህ ነጥብ ላይ ቢያርሙን ወይም ቢቃወሙን ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ክፍያው እንመለስ። ቀደም ብለን የጠቀስነው አዋጅ በወር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ በበዓል ቀን ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስበትም ይላል። በወር ለማይከፈለው ግን የበዓሉ ክፍያ በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ይወሰናል ብሎ ያልፋል። ከአዳማ የጭነት ሠራተኞች፣ ከመቂ አረም ነቃዮች፣ ከግንበኛ ረዳቶች ስንቱ የጽሑፍ ውል አለው? ለአብዛኛው ውሉ ጧት መንገድ ዳር ቆሞ የሚነገር ቃል ነው፤ ያ ቃል ስለ በዓል ምንም አይናገርም። ስለዚህ ለቀን ሠራተኛ የሕዝብ በዓል ማለት ያልተከፈለበት ቀን ማለት ነው፤ የበዓሉ ወጪ ደግሞ በዚያው ቀን ይመጣበታል። በሌላ ወገን በወንጂ የስኳር ፋብሪካ አገዳ ከተቈረጠ በኋላ ሳይውል ሳያድር ካልተጨመቀ ስኳሩ ስለሚቀንስ በመፍጫ ወቅት ወፍጮው በበዓልም አይቆምም፤ የዚያ ሠራተኛ በዓሉ ቢያመልጠውም እጥፍ ክፍያውን ያገኛል። ሁለቱ ሰዎች በአዳማ አንድ ሰፈር ይኖሩ ይሆናል።

የ2019ኙን ሒሳብ ካወጣን በኋላ በአዳማ መናኸሪያ አጠገብ ጭነት ለሚያወርድ አንድ ጐረቤታችን ወሰድንለት። ጋሼ፣ በ2019 ሚያዝያ 22 ዓርብ ስቅለት፣ 23 ቅዳሜ የሠራተኞች ቀን፣ 24 እሑድ ፋሲካ፣ ሦስቱ በተከታታይ ናቸው አልነው። የሠራተኞቹ ቀን ከመካከል መግባቱ አሳቀን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በጣቱ ሦስቱን ቀን ቈጠረ፣ የዶሮውን ዋጋ ጠየቀን፣ ከዚያም በዚያ ቅዳሜ ከሞጆ ደረቅ ወደብ መኪና ይወጣ እንደ ሆነ ጠየቀን።